የአምባሰል አምስት ድምፆች

ከደሴ በሐይቅ በኩል ወደ ሰሜን ለሚጓዝ ሰው አምባሰል አለ። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ ለሚወርድ ደግሞ ባቲ። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ የተጠሩት በእነዚህ አገሮች ስም ነው። ባቲን ለሌላ ቀን ላቆየውና አምባሰልን ልያዝ፤ በጥቂት ነገር ይህን ያህል የተሠራበት የሙዚቃ ጥበብ አላውቅም።

አምባሰል አምስት ድምፅ ነው። ከሲ ብንነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፤ ከዚያ ላይኛው ሲ። በመካከላቸው ያለውን ርቀት በግማሽ ድምፅ ብንቆጥረው 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 ይሆናል። መሐል ያለችው 2 ድልድይ ናት። ከድልድዩ ወዲህም ወዲያም ያለው አሠራር አንድ ነው፦ ጠባብ እርምጃ፣ ከዚያ ሰፊ ዝላይ። ስድስት ክር ያለው ክራር አምስቱን ድምፆችና የመጀመሪያውን ላይኛ አቻ ሲይዝ፣ ድምፆቹ ሦስት ሦስት ሆነው እኩል ይከፈላሉ። የታችኛው ሦስት የተናገረውን የላይኛው ሦስት ከፍ አድርጎ ይመልሰዋል።

ማሪቱ ለገሰን ያደመጠ ይህን ያውቀዋል፤ ቁጥሩን ባያውቅም ጆሮው ያውቀዋል። የወሎ ላሊበላ ኪነት ያፈራት ይህች ድምፃዊት ስሟ ከአምባሰል ጋር ተጣብቆ የቀረው ያለ ምክንያት አይደለም። በጠባቧ እርምጃ ላይ ድምፅዋን ታንቀጠቅጣለች፣ ትመላለስባታለች፤ ዝላዩን ግን ታከብረዋለች። እዚያ ክፍተት ውስጥ ማስጌጫ ብትከምርበት ቅኝቱ በተበላሸ ነበር። ማሲንቆው ከኋላዋ እየተከተለ ያለችውን ይደግማል። የማሲንቆ አንድ ክር የጣት መከፋፈያ ስለሌለው፣ ተጫዋቹ ያችን ግማሽ ድምፅ እንደ ስሜቱ ሊያጠብባትም ሊያሰፋትም ይችላል። በኪቦርድ ብቻ በታጀቡ ካሴቶች አምባሰል የሚደርቅብኝ ለዚህ ነው። ቁልፉ ግማሹን ድምፅ አንድ ቦታ ላይ ቸክሎ ያስቀምጠዋል።

ረቂቁ ነገር ያለው ግን ማረፊያው ላይ ነው። አምባሰል የሚያርፈው ሲ ላይ ነው። ከዚህ ማረፊያ ስንቆጥር ሜጀር ወይም ማይነር የሚያሰኘው ሦስተኛ ድምፅ የለም፤ ኢም ሆነ ኢ ፍላት የሚባለው ቦታ ባዶ ነው። ስለዚህ ዘፈኑ የደስታ ነው ወይስ የሐዘን ተብሎ አይበየንም፤ ለፍቅርም፣ ለናፍቆትም፣ ለአገርም ይዘፈንበታል። ለባንድ ግን ፈተና ነው። ጊታሪስቱ በማረፊያው ላይ ሙሉ ኮርድ ልያዝ ቢል፣ ከቅኝቱ ውጭ ያለ ድምፅ መጨመር ግድ ይሆንበታል።

አሁን አንዲት ድምፅ ሳንቀይር ማረፊያውን ከሲ ወደ ኤፍ እናዛውረው። ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ ፍላት። ይህ ትዝታ ማይነር የሚባለው ቅኝት ነው። ኤፍ፣ ኤ ፍላትና ሲ አብረው ሲመቱ ሙሉ የማይነር ኮርድ ይወጣል፤ ባሱም፣ ኪቦርዱም፣ ሳክስፎኑም የሚቆሙበት መሬት አገኙ ማለት ነው።

ሙላቱ አስታጥቄ ይህን በሚገባ ያውቅ ነበር። ለንደንና ቦስተን ተምሮ የተመለሰው ይህ ሰው «የግሌ ትዝታ»ን ሲሠራ፣ አገራዊውን ቅኝት ከእነ ባሕርዩ ይዞ ከሥሩ የሚደጋገም የባስ ሐረግ አስገባለት። የባሱ ሥራ ማረፊያውን ሳይታክቱ ማስታወስ ነው። ጆሮው ከትዝታ ጋር ያላደገ ሰው እንኳ በዚህ ሥራ ውስጥ የት እንዳለ አይጠፋውም። ዜማው በ1998 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ በወጣው ኢትዮጲክስ የተባለ ተከታታይ አልበም 4ኛ ቅጽ ተካተተ፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልሙ ተጠቀመበት፤ በ2010 ደግሞ ራፐሩ ናስና ዴሚያን ማርሊ ከላዩ ቆርጠው «አዝ ዊ ኢንተር»ን ሠሩበት። ለዚህ ሁሉ ጉዞ ፊልሙን ብቻ ማመስገን ልክ አይመስለኝም። በአጭር የባስ ሐረግ ላይ የቆመ ሥራ ራፕ ሊሸከም የሚችል መሆኑ በአሠራሩ ውስጥ አስቀድሞ ነበረ።

ኪቦርድ ያለው ሰው ይህን በቀላሉ መሞከር ይችላል። ግራ እጁ ኤፍ፣ ኤ ፍላትና ሲን ይያዝ፤ ቀኝ እጁ በአምስቱ ድምፆች ላይ ይመላለስ። ትዝታ ይሰማዋል። ቀጥሎ ቀኝ እጁ ያንኑ እየተጫወተ፣ ግራ እጁ ኮርዱን ትቶ የታችኛውን ሲ ብቻ ይያዝ፤ ዜማውንም እዚያው ሲ ላይ ያሳርፈው። አሁን የሚጫወተው አምባሰል ነው።