ቅብዓትና ምክር ቤት

በዚህ ሩብ ዓመት የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ኦቶባዮግራፊ (የሕይወቴ ታሪክ)» እንድታነቡ እንጋብዛችኋለን። ጸሐፊው የእኛው የሸዋ ልጅ ናቸው፤ ሰያደብር ተወልደው በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው ተማሩ። ከቤተሰብ ርቆ ያደገ ልጅ ናፍቆት ምን እንደሆነ ከመጽሐፉ ትረዳላችሁ።

ነገር ግን ጸሐፊው ምስክርም ባለጉዳይም ናቸውና እያመዛዘናችሁ አንብቡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. መኳንንቱና ጳጳሱ ልጅ ኢያሱን ሲያወርዱ በነገሩ ውስጥ ነበሩ። የክሱ ስም ሃይማኖት ነበር፤ ከሥሩ ግን የሥልጣን ጥያቄም ነበረበት። በዚያው ጥቅምት በሰገሌ ብዙ ደም ፈሰሰ።

በ1923 ዓ.ም. ደግሞ እኚሁ ሰው የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት አረቀቁ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ፣ የመምሪያውን መኳንንቱና ሹማምንቱ ይመርጡ ነበር። አንቀጽ 5 ንጉሡ በመቀባታቸው ሥልጣናቸው አይደፈርም ይላል። አያችሁ? ዘውድ ያልጫነውን ኢያሱን ያወረደ ሃይማኖት፣ ለተቀባው ንጉሥ አጥር ሆነ። ምክር ቤቱ መካሪ እንጂ ጠያቂ ሊሆን አልቻለም።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ቅብዓትን ከተጠያቂነት መሸሸጊያ አያደርገውም። ዳዊት የተቀባ ነበር፤ ናታን ግን «ያ ሰው አንተ ነህ» አለው፤ ዳዊትም ተናዘዘ።

እንግዲህ በኅብረታችሁ ተወያዩበት፦ «የተቀባ ነውና አይጠየቅም» ሲባል ስትሰሙ፣ በእናንተ መካከል ናታን ማን ነው?