«በተራራው ላይ ያለው እሳት» እና የልጆች ታሪክ መቼት

አንድ ተረት ወይም አጭር ታሪክ ለንባብ መጽሐፍ እንዲስማማ ሆኖ ሲያጥር ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰረዘው የቦታና የጊዜ ገለጻ ነው። አዘጋጁ ሦስት ገጽ የነበረውን ጽሑፍ ወደ አንድ ገጽ ማውረድ ግድ ሲሆንበት ድርጊቱን ለመንካት አይደፍርም፤ ንግግሩንም ቢያስቀር ታሪኩ እንደሚደርቅ ያውቃል። ስለዚህ እጁ የሚያርፈው በተራራው፣ በነፋሱና በሌሊቱ ርዝመት ላይ ነው። እነዚህ እንደ ጌጥ ይቈጠራሉና ቢወልቁም ገላው የሚጐዳ አይመስልም። የሥነ ጽሑፍ ምሁራን «መቼ» እና «የት» ከሚሉት ቃላት አጣምረው መቼት ያሉት ነገር በክፍል ውስጥ የሚገጥመውም ዕጣ ከዚህ እምብዛም የተሻለ አይደለም። «ታሪኩ የተፈጸመው የት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ተማሪው የቦታውን ስም ይመልሳል፤ መልሱ ትክክል ይባልና ወደሚቀጥለው ጥያቄ ይታለፋል። ቦታው በታሪኩ ውስጥ ምን እንደ ሠራ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚጐዳ ለመመልከት አንድ የታወቀ ተረት ይበቃል። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው በእንግሊዝኛ ያዘጋጁትና እ.ኤ.አ. በ1950 የታተመው መጽሐፍ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተረት ነው፤ «በተራራው ላይ ያለው እሳት» ይባላል። በልጅነቱ ከጉራጌ አገር ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርሃ የአንድ ባለጠጋ ነጋዴ አሽከር ነው። ነጋዴው ሀብት በዝቶበት የሚያደርገውን ያጣ ሰው ስለሆነ፣ በሱሉልታ ተራራ ጫፍ ላይ ያለ ልብስና ያለ እሳት ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ማደር ይቻል እንደሆነ ከአሽከሩ ጋር ይወራረዳል። አርሃ ቢያሸንፍ መሬት፣ ቤትና ከብት ሊሰጠው ቃል ይገባል። አርሃም በነገሩ ተጨንቆ አንድ የአገሩን ሽማግሌ ያማክራል። ሽማግሌው ከሸለቆው ማዶ ባለ ከፍታ ላይ እሳት አንድዶ እንደሚያድርለት፣ እርሱም ዓይኑን ከዚያ ብርሃን ሳይነቅል ሙቀቱንና ወዳጁን እያሰበ እንዲቆም ይነግረዋል። እንዲህም ሆኖ ሌሊቱ ያልፋል። ነጋዴው ግን አሽከሩ ከሩቅ እሳት ሲያይ ማደሩን በሰማ ጊዜ፣ ያሞቀው ያ እሳት ነው በማለት ውርርዱን ይክዳል፤ ዳኛውም ለነጋዴው ይፈርዳል።

እዚህ ላይ ተራራው ምን ሠራ ብሎ መጠየቅ ይገባል። በመጀመሪያ የአርሃ ባላጋራ እርሱ ነው፤ ያን ሌሊት ከነጋዴው ይልቅ የሚያስፈራው ተራራው ነው። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው አገር ሲሆን፣ በበጋ ወራት ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ውርጭ ይጥላል። ነገር ግን ከብርዱ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ሸለቆው ነው። እሳቱ የሚታይ እንጂ የሚሞቅ አለመሆኑን የሚያረጋግጠው በሁለቱ ከፍታዎች መካከል ያለው ባዶ ስፍራ ብቻ ነው፤ ሌላ ምስክር የለም። ዳኛው የሳተው ሕጉን ሳይሆን ርቀቱን ነው። ስለዚህ ሸለቆውን የሰረዘ አዘጋጅ ማስረጃውን ከመዝገቡ ውስጥ ገንጥሎ እንዳወጣ ይቈጠራል። አንድ አሽከር ብርድ ላይ እንዳደረ፣ እሳት እንዳየ፣ ጌታውም ዋጋውን እንደ ከለከለው ብቻ የሚናገር ጽሑፍ የቀረበለት ተማሪ ለነጋዴው ቢፈርድ አይፈረድበትም።

የመቼቱ ሥራ በተራራው ላይ አያበቃም። ሽማግሌው የአገር ቤቱን ማስተዋል ከከተማው ፍርድ አብልጦ የሚያይ ሰው ነውና አርሃን ኃይሉ ወደሚባል ሰው ዘንድ ይወስደዋል። ኃይሉም ነጋዴውንና ዳኛውን ጨምሮ ብዙ እንግዶች ለግብዣ ይጠራል። የወጡ ሽታ ከማድ ቤት እየመጣ እንግዶቹን ያውዳቸዋል፤ ምግቡ ግን አይቀርብም። እንግዶቹ ተርበው ማጉረምረም ሲጀምሩ፣ ሩቅ ያለ እሳት ሰውን የሚያሞቅ ከሆነ ሽታው ለምን እንዳላጠገባቸው ይጠየቃሉ፤ አርሃም የሚገባውን ያገኛል። ይህን ክፍል አብዛኛው አንባቢ እንደ ብልሃት ብቻ ይወስደዋል። በጥሞና ለተመለከተው ግን ኃይሉ ያደረገው ተራራውን ወደ እልፍኝ ማስገባት ነው። በማድ ቤቱና በእንግዶቹ መካከል ያለው ግድግዳ የሸለቆውን ስፍራ ይይዛል፤ ሽታው እሳቱን፣ ረኃቡም ብርዱን ይተካል። ዳኛው በችሎት ወንበሩ ላይ ሳለ ያልገባው ርቀት እዚህ በሆዱ ይገባዋል። እንግዲህ የተረቱ ፍትሕ የቆመው በሁለት ቦታዎች መመሳሰል ላይ ስለሆነ፣ የፊተኛው በቅጡ ካልተሣለ የኋለኛው ተራ ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

የኢትዮጵያ ተረቶች ከጥንት ጀምሮ ቦታን የመግለጽ ልማድ የላቸውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተረቱ «በድሮ ዘመን በአንድ አገር» ብሎ ይጀምራል፤ ጅቡና አህያይቱ ያለ አንዳች የአገር ገለጻ ይገናኛሉ፤ ጐደለ ያለም የለም። ተቃውሞው እውነትነት አለው። ነገር ግን ተረት ነጋሪዋ ያልተናገረችውን በዙሪያዋ ያለው ነገር ይናገርላት ነበር። ተረት የሚነገረው ሲመሽ ነው። ልጆቹ ምድጃውን ከበው ተቀምጠዋል፤ ፊታቸውን ይሞቃቸዋል፣ ጀርባቸውን ይበርዳቸዋል፤ በሩ በተከፈተ ቍጥር የውጪው ብርድ ይገባል። ታላላቆቹ ቀድመውት ከበር አጠገብ የተቀመጠው ታናሽ ልጅ፣ እሳትን በማየትና እሳትን በመሞቅ መካከል ያለውን ልዩነት ዳኛው ከማወቁ በፊት ያውቀዋል። ተረቱ ታትሞ ወደ ክፍል ሲገባ ግን ምድጃው ከቤት ይቀራል። ከረፋዱ በአራት ሰዓት ፀሐይ በመስኮት እየገባች ይህንኑ ታሪክ የሚያነበው ተማሪ ከወረቀቱ በቀር ብርድም ሌሊትም የለውም። በቃል ሲነገር ያላስፈለገው ገለጻ በጽሑፍ ሲቀርብ የግድ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

ልጅነቷን በኢትዮጵያ ያሳለፈችው አሜሪካዊት ደራሲ ጄን ከርትዝ ተረቱን እ.ኤ.አ. በ1994 ለሕፃናት በሥዕል መጽሐፍ ስታቀርብ ይህ ችግር የታያት ይመስላል። ባለታሪኩን ዓለማየሁ የተባለ እረኛ ልጅ አድርጋ፣ ተራራውንና ሌሊቱን የማሳየቱን ሥራ በአመዛኙ ለኢ. ቢ. ሉዊስ የውኃ ቀለም ሥዕሎች ሰጥታለች። በዚህ አሠራር ትንሹ አንባቢ እኩያውን ያገኛል፤ ብርዱም በዓይን ይታያል። ከአገሩ ወጥቶ በከተማ የሚኖረውና በችግሩ ጊዜ የአገሩን ሰው የሚፈልገው አሽከር ግን አይገኝም፤ በእርሱ ምትክ ለልጁ የምትቆምለት እኅት አለች። ሩቅ እሳት አንድዶ ማደር የወገንተኝነት ሥራ መሆኑ በኩርላንደርና በሌስላው ጽሑፍ ይበልጥ ይሰማል። የሆነ ሆኖ ሥዕል ሸክሙን የሚቀበለው በጥሩ ወረቀትና በጥሩ ቀለም ሲታተም ነው፤ ሥዕል በሌለው ወይም ሥዕሉ በደበዘዘ ገጽ ላይ ሸክሙ በሙሉ የቃላቱ ይሆናል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋዎች እንዲሰጥ ከደነገገ ወዲህ፣ አንድን ተረት ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መመለስ ብዙ ጊዜ ከደጋ ወደ ቆላ መውሰድም ሆኗል። የጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። እዚያ ላደገ ልጅ በሌሊት ተራራ ላይ መቆም ከሙቀት የሚያሳርፍ ነፋሻ ስፍራ ቢመስለው አይደንቅም። አስማሚው ሱሉልታ የሚለውን ሰርዞ ልጁ የሚያውቀውን የቦታ ስም ቢተካበትም ነገሩ አይቃናም፤ የተለወጠው ስሙ እንጂ መቼቱ አይደለምና። ተረቱን በእውነት ወደ ቆላ ማውረድ የሚፈልግ ሰው ሌሊቱን በቀን፣ ብርዱን በጥም መለወጥ ይኖርበታል። ለምሳሌ በአሳይታ አካባቢ አሽከሩ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውኃ ሳይቀምስ በድንጋይ ክምር ላይ እንዲቆም ቢወራረድ፣ ከዚያም ሆኖ አዋሽን ከሩቅ እያየ ቢውል፣ ነጋዴው ወንዙን አይተህ ጥምህን ቈርጠሃል ብሎ ሊከራከረው ይችላል። ክርክሩ ሳይፈርስ ተረቱ አገር ለውጧል፤ የኃይሉም ግብዣ ሳይነካ እንዳለ ይቆማል።

ይህ ሲባል ልጅ ያላየውን አገር አያንብብ ማለት አይደለም። ስዊሳዊቷ ዮሐና ስፒሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተመችውን «ሃይዲ» ከአልፕስ ተራሮች እጅግ ርቀው የሚኖሩ ልጆች ይወዱታል። ከተራራ ወደ ፍራንክፈርት የተወሰደችው ልጅ ተራሮቿን አያለሁ ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ትወጣለች፤ የሚታያት ግን የቤት ጣራና የጢስ መውጫ ብቻ ነው። ኋላም በእንቅልፍ ልቧ እየተነሣች የቤቱን በር ትከፍታለች፤ ሐኪሙም ወደ አገሯ እንድትመለስ ያዛል። አንባቢው ተራራውን ባያውቅ እንኳ ማጣቱን ያውቀዋል። ስፒሪ የተራራውን ውበት አስቀድማ በገጽ በገጽ የሣለችው ይህ ናፍቆት እንዲያምን ነው። ያ ሁሉ ገለጻ ረዝሟል ተብሎ ቢቈረጥ ልጅቱ ያለ ምክንያት የታመመች ትመስላለች።

የገጽ ወሰን የሚደነግጉ አቃጆችም ሆኑ በወሰኑ የሚሠሩ አዘጋጆች ማሳጠራቸው የማይቀር ነው። ሆኖም መቈረጥ ያለበት ነገር ካለ፣ ከተረቱ ፍጻሜ በኋላ አዘጋጁ ራሱ የሚጨምረው የምክር ዐረፍተ ነገር ከተራራው በፊት ሊሰረዝ ይችላል፤ ተረቱ ያን ምክር በኃይሉ ግብዣ ላይ አስቀድሞ ሰጥቷልና። በክፍል ውስጥም ሥራው ከባድ አይደለም። መምህሩ በጥቍር ሰሌዳው ላይ ሁለት ከፍታዎችና በመካከላቸው ሸለቆ ሥሎ፣ በአንዱ አርሃን፣ በሌላው እሳቱን ካስቀመጠ በኋላ፣ ርቀቱ ምን ያህል እንደሚሆን ልጆቹን ይጠይቅ። አንዱ ጥሪ የሚሰማበት ያህል ነው ይላል፤ ሌላው ግማሽ ቀን ያስኬዳል ይላል፤ ሦስተኛው እሳቱ የኮከብ ያህል እንጂ የምድጃ ያህል አይታይም ብሎ ይሟገታል። መምህሩም መልሱን ከመስጠት ተቈጥቦ ልጆቹን ለሁለት ይከፍልና፣ አንዱን ወገን ለነጋዴው፣ ሌላውን ለአርሃ ጠበቃ ያደርጋቸዋል።