ለአቅጣጫዎች የሚሰግደው ወጣት

ስለ ቡድሃ ትምህርት ለወጣቶች ተብለው ከሚጻፉት ትንንሽ መጻሕፍት የሚበዙት አጀማመራቸው አንድ ነው፤ ይኸውም ዓይንህን ጨፍነህ ተቀመጥ፥ ትንፋሽህን ተከተል፥ ሐሳብህ ጸጥ ይላል፥ ከዚያም ሥራህ ይቃናልሃል የሚል ነው። ትንፋሽን መከታተል በቡድሃ ተከታዮች ዘንድ ከጥንት የነበረ እውነተኛ ልምምድ ስለ ሆነ አልነቅፈውም። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የተባሉ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕመም ለጸናባቸው ሰዎች ማስተማር ከጀመሩት ወዲህም በብዙ አገር ሆስፒታልና ትምህርት ቤት ገብቷል። ነገር ግን ቡድሃ ካስተማረው ባለ ስምንት ክፍል መንገድ ውስጥ ይህ ራስን ነቅቶ መከታተል ሰባተኛው ነው። ቀና ንግግር፥ ቀና ተግባር፥ ቀና መተዳደሪያ ከእርሱ አስቀድመው ይቆጠራሉ። ሰባተኛውን ብቻ ቆርጦ ለወጣት የሚያቀርብ ጸሐፊ ምሰሶውን ሳይተክል ክዳን እንደሚከድን ሰው ይመስለኛል።

ስለዚህ ለአንባቢዎቼ ሌላ ጽሑፍ ላሳይ ወደድሁ። ስሙ በፓሊ ቋንቋ ሲጋሎቫዳ ሱታ ይባላል፤ ለሲጋላ የተሰጠ ምክር ማለት ነው። ዲጋ ኒካያ በሚባለው፥ 34 ረጃጅም ትምህርቶችን በያዘው ክፍል 31ኛው ነው። ብዙ ዘመን በቃል ሲጠና ከኖረ በኋላ፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ዓመት በስሪላንካ ደሴት ከሌሎቹ ጋር በጽሕፈት ሰፈረ። (የመምህሩን ስም በክፍል ውስጥ በጠራሁ ቁጥር ተማሪዎቼ በሳቅ ይፈነዱ ነበር፤ በጆሯቸው የገባው የእኛው ቡዳ ነበርና። ቡድሃ ማለት የነቃ ማለት እንደ ሆነ እነግራቸውና ሳቁ እስኪበርድ እጠብቅ ነበር።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ዛሬ ራጅጊር በምትባለው፥ በሕንድ አገር በቢሃር ግዛት በምትገኘው በጥንቲቱ ራጃጋሃ ከተማ ሲጋላ የሚባል የባለጸጋ ልጅ ነበር። ማለዳ ተነሥቶ ከከተማው ይወጣና፥ ልብሱና ጠጉሩ እንደ ረጠበ፥ እጆቹን አጋጥሞ ለምሥራቅ፥ ለደቡብ፥ ለምዕራብ፥ ለሰሜን፥ ለታችና ለላይ ይሰግዳል። ቡድሃ ምጽዋት ሊቀበል ወደ ከተማ ሲሄድ አየውና ስለ ምን እንዲህ እንደሚያደርግ ጠየቀው። ወጣቱም አባቱ ሊሞት ሲል ለአቅጣጫዎች እንዲሰግድ እንዳዘዘው፥ እርሱም የአባቱን ቃል አክብሮ እንደሚፈጽም ነገረው። የሰጠው ምክንያት ይህ ብቻ ነው። ስግደቱ ምን ማለት እንደ ሆነ አንድም ቃል አልተናገረም።

የጽሑፉን ታላቅነት የማየው ከዚህ ቀጥሎ ባለው ነገር ነው። መምህሩ በወጣቱ ላይ ሊሥቅበት ይችል ነበር፤ ለአየርና ለመሬት በብርድ መስገድ ምን ይረባሃል ብሎ ቢያሳፍረው ቀላል ነበር። ወይም ደግሞ የአባትህን ቃል ጠብቀሃልና ጎበዝ ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ሁለቱንም አላደረገም። በመልካም ሰዎች ሥርዓት የሚሰገደው እንዲህ አይደለም አለውና፥ ወጣቱ ራሱ እንግዲያስ አስተምረኝ ብሎ እስኪለምነው ቆየ። ከዚያ በኋላ ስድስቱን አቅጣጫዎች ሳያፈርስ በሰዎች ሞላቸው። ምሥራቅ እናትና አባት ናቸው፤ ደቡብ መምህራን፤ ምዕራብ ሚስትና ልጆች፤ ሰሜን ወዳጆች፤ ታች አገልጋዮችና ሠራተኞች፤ ላይ ደግሞ በጽድቅ መንገድ የሚኖሩ መነኮሳትና ካህናት ናቸው። አመዳደቡም እንዲያው በዘፈቀደ አይደለም። ምሥራቅ ለሚለው የቆመው የፓሊ ቃል የፊት፥ የቀዳሚ ማለትም ስለ ሆነ፥ ቀድመውን የነበሩት ወላጆች ያን ስፍራ ያዙ። ምዕራብ የሚለውም የኋላ ማለት ስለ ሆነ ኋላ የሚመጡት ሚስትና ልጆች በዚያ ተቀመጡ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በእኛም ዘንድ የአባቱን ልማድ አለ ትርጓሜ የሚፈጽም አለ፤ ትርጓሜ ስላጣበት ደግሞ አሽቀንጥሮ የሚጥለው አለ። አንዱ ሌላውን ኋላ ቀር ይለዋል፥ ሌላውም አንዱን ከሀዲ ይለዋል። እነዚህ ሁለቱ የሚመሳሰሉበት ነገር ቢኖር ሁለቱም አለመጠየቃቸው ነው። የሲጋላ አባት ምን አስቦ እንዳዘዘ ጽሑፉ አይገልጽም፤ ምናልባት እርሱም ከአባቱ ሰምቶት ይሆናል። መምህሩ ግን የሟቹን ቃል ባዶ ዕቃ ነው ብሎ አልሰበረውም።

በየአቅጣጫው ያለው ግዴታ በሁለት ወገን የታሰረ ነው። ተማሪ ለመምህሩ ተነሥቶ ሰላምታ ይሰጣል፥ ያገለግለዋል፥ ለመማር ይተጋል፥ ትምህርቱንም በአክብሮት ይቀበላል። መምህሩ በበኩሉ በሚገባ ያሠለጥነዋል፥ የያዘውን በደንብ እንዲይዝ ያደርገዋል፥ ከሚያውቀው ጥበብ አንዳች ሳያስቀር ያስተምረዋል፥ በወዳጆቹም ዘንድ በመልካም ያስተዋውቀዋል። ዕድሜዬን በጠመኔ ብናኝ ውስጥ ስላሳለፍሁ ከሁሉ ይልቅ የያዘኝ ይህ አንዳች ሳያስቀር የሚለው ነው። ለራሱ ክብር ሲል የዕውቀቱን ጫፍ ደብቆ የሚያስቀር መምህር በየአገሩ አለና።

ከዚህም የሚበልጠው የታችኛው አቅጣጫ ነው። ጌታ ለአገልጋዩ በዐቅሙ ልክ ሥራ ይስጠው፥ ምግቡንና ደመወዙን ይክፈለው፥ በታመመ ጊዜ ያስታመው፥ የጣፈጠ ነገር ሲገኝ ያካፍለው፥ በጊዜውም ዕረፍት ይስጠው ይላል። ይህ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። እኅቶቻችን በዐረብ አገር በሰው ቤት ሲሠሩ ደመወዛቸው እንደ ተያዘባቸውና በሕመማቸው ጊዜ እንደ ተጣሉ ስንሰማ እንቆጣለን፥ መቆጣታችንም ተገቢ ነው። በራሳችን ማድ ቤት የምትሠራው ከገጠር የመጣች ልጅ ግን ከእነዚህ ከአምስቱ ስንቱን ታገኛለች? ሰላምን ፍለጋ ዓይኑን ጨፍኖ ለተቀመጠው ወጣት ቡና የምታፈላለት እርሷ ናት።

የቀረው የጽሑፉ ክፍል ስለ ገንዘብና ስለ ባልንጀራ ነው። ሀብት የሚፈስባቸውን ስድስት ቀዳዳዎች ይቆጥራል፤ መጠጥ፥ ያለ ሰዓት በጎዳና መንከራተት፥ ጭፈራ ፍለጋ መዞር፥ ቁማር፥ ክፉ ባልንጀራና ስንፍና። ሰነፍ ሰው በጣም በረደ ወይም በጣም ሞቀ፥ ገና ነው ወይም መሽቷል፥ ርቦኛል ወይም ጠግቤአለሁ እያለ ሥራውን እንደሚተው ሲገልጽ፥ ከተማሪዎች አፍ የሰማሁት ምክንያት ሁሉ በስድስት ተጠቃሎ አገኘሁትና ብቻዬን ሣቅሁ። ከሐሰተኞች ወዳጆች መካከልም በፊት እያመሰገነ በኋላ የሚያማውን፥ ክፉውንም ደጉንም አዎን የሚለውን ማን የማያውቀው አለ?

በሁሉ ግን አልስማማም። ሠራተኛ ከጌታው በፊት ተነሥቶ ከጌታው በኋላ ይተኛ የሚለውን ስናነብ፥ ሠራተኛው አንድ ቀን የራሱ ጌታ ሊሆን እንደሚችል ያልታሰበ ይመስላል። ገቢን በአራት ከፍሎ አንዱን ለኑሮ፥ ሁለቱን ለሥራ ማስፋፊያ፥ አንዱን ለክፉ ቀን ማድረግም ለባለጸጋ ልጅ የሚመች ምክር ነው፤ ወሩ ሳያልቅ ደመወዙ ለሚያልቅበት ጀማሪ ሠራተኛ የሚከፈለው አራተኛ እጅ ከወዴት ይመጣል? የቁጥሩም ብዛት ያሰለቻል። ይህ ግን በቃል እንዲያዝ የተሰናዳ ስለ ሆነ ነው፤ የእኛም የቃል ትምህርት እንዲሁ በቁጥር ይታሰራልና የቆሎ ተማሪ የነበረ ሰው አይደነቅበትም።

ይህ ምክር በእኛ ዘንድ እምብዛም ሳይታወቅ የቀረው ለምን ይሆን? እንደሚመስለኝ በዓለም ላይ የተዘዋወሩት ታሪኮች ቤቱን ትቶ የወጣው ልጅ ታሪኮች ስለ ሆኑ ነው። ወደ እኛም የደረሰው ይኸው ነው። የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ የመለሱት የባራላምና የየዋሴፍ መጽሐፍ ከሥሩ ሲመረመር የቡድሃ የሕይወት ታሪክ ነው፤ በመንገድ ላይ ቋንቋ ከቋንቋ ሲቀበለው ክርስቲያናዊ ሆነ፥ ቦዲሳትቫ የሚለውም ስም ተለዋውጦ የዋሴፍ ሆነ። በእርሱም ልዑሉ ሕመምንና እርጅናን አይቶ ኋላ ዙፋኑን ይተዋል። በአውሮፓም የሚሲዮናዊው የኸርማን ጉንደርት የልጅ ልጅ ኸርማን ኸሰ በ1922 «ሲዳርታ» የተባለውን ልብ ወለድ ሲጽፍ ጀግናው ከአባቱ ቤት የሚወጣ ወጣት ነው። ብዙ ወጣቶች ይህን መጽሐፍ ስለ አወጣጡ ይወዱታል። በመጨረሻው አካባቢ የገዛ ልጁ ጥሎት ሲጠፋና፥ በወንዙ ውሃ የታየው ፊቱ የአባቱን ፊት ሲመስልበት ያለውን ክፍል ግን እየዘለሉ የሚያነቡት ይመስለኛል። ኸሰ ራሱ አልዘለለውም።

የሲጋላ ጽሑፍ ሳይወጣ ለሚቀረው ልጅ የተነገረ ነው፤ የሚቀረው ደግሞ ይበዛል። ታሪኩ የሚያልቀው ወጣቱ ተከታይ እንዲሆን ሲለምን ነው። በማግስቱ ማለዳ ደግሞ ወጥቶ ሰግዶ እንደ ሆነ አይነግረንም። እኔ የወጣ ይመስለኛል። ነገር ግን ወደ ታች ባጎነበሰ ጊዜ የመታጠቢያውን ውሃ ቀድቶ የሰጠው አገልጋይ ትዝ ብሎት፥ ቁርስ በልቶ እንደ ሆነ ሊጠይቀው ወደ ቤት ፈጥኖ ሳይመለስ አልቀረም።