ጩኸትና ብስለት፤ ስለ ኦልዌይስ ሦስተኛ አልበም

አንድ የሙዚቃ ጓድ በሰለ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ምቱ ዝግ ማለቱ፣ ጊታሩ መለዘቡና ግጥሙ ኀዘን ማብዛቱ ነው። እኛም ከዚህ ልማድ ነፃ አልነበርንም። ኦልዌይስ የተባለው የካናዳ ጓድ በ2022 እ.ኤ.አ. ያወጣው «ብሉ ሬቭ» ግን ሐሳባችንን እንድናርም አስገድዶናል።

ጓዱ መቀመጫው ቶሮንቶ ሲሆን፣ ከታላላቆቹ የሸክላ ኩባንያዎች ውጭ በነፃነት ከሚሠሩት ወገን ነው። በ2014 በወጣው በመጀመሪያው አልበሙ ውስጥ ስሙን ያስጠራው ዘፈን «አርቺ፣ ሜሪ ሚ» ነበር፤ ይኸውም አንዲት ወጣት ጋብቻን የሚሸሽ ወዳጅዋን አግባኝ እያለች የምትወተውትበት ነው። ዜማው ጣፋጭ ነው፤ ሴቲቱ ግን ዕድልዋን ከሌላ ሰው አፍ ትጠብቃለች። ሁለተኛው አልበም በ2017 ወጣ። ከዚያ በኋላ ባሉት አምስት ዓመታት የዘፈኖች ረቂቅ ቅጂ ከዘፋኟ ከሞሊ ራንኪን ቤት ተሰረቀ፤ ምድር ቤት የገባ ውሃም መሣሪያቸውን ሊያጠፋው ምንም አልቀረው።

በመጨረሻ ስቱዲዮ ሲገቡ፣ ሾን ኤቨረት የተባለው የቅጂ ባለሙያ በዘፈኖቹ መካከል የ15 ሴኮንድ ዕረፍት ብቻ እየሰጠ አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ሁለት ጊዜ አጫወታቸው። አሥራ አራቱ ዘፈኖች እየተገፋፉ የሚመጡ የሚመስሉት ከዚህ የተነሣ ይመስለናል።

ጩኸቱ ከቀድሞው በርትቷል፤ አገልግሎቱ ግን ተለውጧል። ቀድሞ የዜማ ጌጥ ነበረ። «ፋርማሲስት» በተባለው ሁለት ደቂቃ ያህል በሚፈጅ ዘፈን ሴቲቱ የቀድሞ ወዳጅዋን እኅት በመድኃኒት ቤት ታገኛለች፤ እርሱ አዲስ ፍቅር እንደ ያዘውም ትሰማለች። ምንም አይደል ለማለት ትሞክራለች፤ ወዲያው ጊታሩ ይፈነዳና ምንም አይደለም ያለችው ነገር ምን ያህል እንደ ጎዳት ይመሰክርባታል። ይህን በቃል ለመናገር ሌላ ገጣሚ ስንት ስንኝ በፈጀ ነበር!

ከሁሉ የሚልቀው «ቤሊንዳ ሴዝ» ነው። አንዲት እርጉዝ ሴት ወደ ገጠር ሄዳ ልጅዋን ለመውለድ ቆርጣለች። ነገሩ ወዴት እንደሚያደርሳት አታውቅም፤ ሆኖም የአርቺ ወዳጅ እንዳደረገችው የማንንም እሺታ አትጠብቅም። የአልበሙ ስም የተገኘው ከዚሁ ዘፈን ነው፤ ብሉ ሬቭ በዚያ አገር ጎረምሶች የሚጠጡት ጣፋጭ የአልኮል መጠጥ ነው። ወደ ፍጻሜው ቅኝቱ ከፍ ሲል፣ ፍርሃትዋና ተስፋዋ በአንድነት ይሰማሉ፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኛም ደጋግመን አድምጠን ለመለየት አልቻልንም። ራንኪን የኬፕ ብሬተንን ደሴት የባላገር ዜማ ከሚጫወት ስመ ጥር ቤተሰብ የተወለደች ናትና፣ ዜማዋ በዚያ ሁሉ ነጐድጓድ መካከል መንገዱን አይስትም።

ነቀፌታ የለንም አንልም። በአንዳንድ ስፍራ ድምፅዋ በጊታሮቹ ተውጦ ቃሉን መለየት ያስቸግራል። «ቬሪ ኦንላይን ጋይ» ላይ የተነገረው ቀልድም ቶሎ ያልቅበታል። የመዝጊያው ዘፈን «ፎርዝ ፊገር» ግን ጩኸቱን ሁሉ ትቶ በዝግታ ይመጣል፤ ዝግታንም እንደሚችሉበት አሳይቶን በአንድ ደቂቃ ከጥቂት ሴኮንድ ውስጥ ይሄዳል። እኛ ገና ለማድመጥ መቀመጣችን ነበር።