ሒሳብና ቴርሞሜትር በደብረ ማርቆስ

በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ተማሪው የሚያሰላው ቍጥር አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሰው ሰብስቦ ያቀረበለት ነው። የምንነቅፈውም ይህንኑ ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብሎ የተማረ የደብረ ማርቆስ ልጅ በሚፈላ ውሃ ውስጥ ቴርሞሜትር ቢያገባ 92 ገደማ ያነባል። ከተማው ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት ያንሳል፤ ውሃ የሚፈላበትም ሙቀት በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። የምጥጥን ትምህርት ከዚህ ይጀመር። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ቍጥሩ ምን ያህል እንደሚጨምር ተማሪው ሳይሄድ ያሰላዋል። ይሁን እንጂ መለካት ብቻውን ሒሳብ አይሆንም፤ የ10 ተማሪዎች ንባብ ሲለያይ አማካዩን አውጥቶ ልዩነቱ ከመሣሪያው ይሁን ከአንባቢው መመርመር ያሻል። መምህሩ ግን 100 ያልሆነውን ሁሉ «ስሕተት» ብሎ ቢሰርዝ ልጁ የሚማረው ዓይኑን አለማመንን ነው።