ፈሰስና ግብጦ፦ አገር በቀል የእርሻ ዕውቀት በትምህርት ገበታ

በ2013 ዓ.ም. የተዘጋጀው የአጠቃላይ ትምህርት ሥርዓተ ትምህርት ማዕቀፍ ለአገር በቀል ዕውቀት ቦታ መስጠቱ የሚደገፍ ነው። ይሁን እንጂ ዕውቀቱን በመጽሐፍ ማወደስና በክፍል ውስጥ መመርመር የተለያዩ ናቸው። ውዳሴ ብቻ የቀረበለት ተማሪ የአባቱን እርሻ ያከብር ይሆናል፤ ለምን እንደዚያ እንደሚታረስ ግን አይረዳም። የምዕራብ ጎጃም ሁለት ልማዶች ይህንን በግልጽ ያሳያሉ።

የመጀመሪያው ፈሰስ ነው። ክረምቱ በሚበረታበት በዚህ አገር ገበሬው ዘሩን ከዘራ በኋላ ማሳውን በማረሻ ሰያፍ እየቀደደ ትርፉን ውሃ ያስወጣል። በደምበጫ አቅራቢያ በምትገኘው አንጀኒ በ1976 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቋመ፤ በኋላም ከኬንያ የመጣው ፋንያ ጁ የተባለ እርከን በተፋሰሱ ላይ ተሠራ። እርከኑ የአፈሩን መታጠብ ቀንሷል። በአንጻሩ ከክትሩ በላይ ውሃ እየተኛ ሰብል ጎዳ፤ የሚታረሰውንም መሬት አጠበበ። ገበሬው ያጉረመረመው የእርከኑ ጥቅም ስላልገባው ሳይሆን፣ ፈሰስ ያቃለለለትን ችግር እርከኑ መልሶ ስላመጣበት ነው። ሆኖም ፈሰስም ከነቀፋ አያመልጥም። ቁልቁለት ሲበዛበት ጠልቆ ቦረቦር ይሆናል፤ የላይኛው ገበሬ የለቀቀው ውሃ የታችኛውን ማሳ ይሸረሽራል።

ሁለተኛው ግብጦ ነው። በመራዊና በአካባቢዋ ገበሬው በደከመ መሬት ላይ፣ ብዙም ሳያለሰልስ፣ ግብጦ ይዘራል። ሳይንስ ልማዱን ይደግፈዋል፤ በሥሩ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር ይወስዳሉ፤ ሥሩም ሲትሪክ አሲድ እያመነጨ በአሲዳማ አፈር ታስሮ የቆየውን ፎስፎረስ ይፈታል። መራራው ፍሬ ከመበላቱ በፊት ለቀናት በውሃ መዘፍዘፉም ጎጂውን አልካሎይድ የማስወገጃ ዘዴ ነው። ነገር ግን ግብጦ የአፈሩን አሲዳማነት አያጠፋም፤ ለዚህ ኖራ ያስፈልጋል። ግብጦን እንደ ፍቱን መድኃኒት የሚያስተምር መጽሐፍ ተማሪውንም ገበሬውንም ያሳስታል።

ስለዚህ መምህሩ በማናቸውም ልማድ ላይ አራት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል፤ የትኛውን ችግር ይፈታል? በምን ምክንያት ይሠራል? ወሰኑ የት ላይ ነው? ጉዳቱስ በማን ላይ ያርፋል? ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ዝናብ በጣለ ማግሥት ከፈሰስ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ በጠርሙስ ውስጥ ሲዘቅጥ፣ ተማሪው ማሳው ያጣውን አፈር በዓይኑ ያያል። ይህን ለማድረግ ግን ተማሪው ከክፍል መውጣት አለበት። ዕቅድ አውጪው ለመስክ ጥናት ሰዓት ካልመደበና ፈተናውም ሽምደዳን ብቻ የሚጠይቅ ከሆነ፣ የማዕቀፉ ቃል በወረቀት ላይ ይቀራል።

አንጀኒ ያስተማረችው ሁለቱም ወገን ከትችት በላይ አለመሆኑን ነው። ገበሬው ስለ ውሃው፣ ተመራማሪው ስለ አፈሩ እውነት ነበራቸው። የጎጃም ተማሪ ሁለቱን እውነቶች በአንድ ማሳ ላይ ማስታረቅ ካልተማረ፣ የሚረከበው መሬት በየክረምቱ እየሳሳ ይሄዳል።