ክራንኩ በመጨረሻ ይገዛል

ለመንገድም ለድራግ ውድድርም የሚሆን ሞተር ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ወሬውን የሚጀምረው በቁጥር ነው። ሼቭሮሌ ያለው «383 ሥራልኝ» ይላል፤ የ5.0 ሙስታንግ ባለቤት «347» ይላል። ቁጥሩ የሞተሩ ይዘት ነው፣ በኪዩቢክ ኢንች። ክራንክ ሻፍቱን ቀድሞ ገዝቶ ከነሣጥኑ ተሸክሞ የሚመጣም አለ። እኔ ግን ክራንክ በመጨረሻ የሚገዛ ዕቃ ነው ባይ ነኝ።

ስትሮከር የሚባለው የፒስተኑ ምት ፋብሪካው ከሠራው በላይ የረዘመ ሞተር ነው። የ383 ሥሩ ሼቭሮሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣው 400 ሞተር ነው። የዚያ ክራንክ ምት 3.75 ኢንች ሲሆን የዚያው የሼቭሮሌ 350 ሞተር 3.48 ነው። የጥንቶቹ ሠሪዎች የ400ውን ክራንክ ዋና ጆርናሎች ከ2.65 ወደ 2.45 ኢንች አስሞርደው በ350 ብሎክ ውስጥ ከተቱት፤ ሲሊንደሩን 0.030 ኢንች ሲያሰፉት 383 ሆነ። ዛሬ ያ ድካም የለም። ልኩን የጠበቀ ክራንክ ከነቢዬላውና ከነፒስተኑ ተሟልቶ ይሸጣል፤ ሰው ምርጫው ያለቀ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

ሞተር የሚያቃጥለው የገባለትን አየር ያህል ነው። ይዘቱ አድጎ ቴስታታው የድሮው ከሆነ፣ አዲሱ ሆድ በአሮጌው ጉሮሮ ይመገባል። ከታች ያለው ጉልበት ይጨምራል፣ ከትራፊክ መብራት ሲነሳ ያስደስታል፤ ዙሩ ከፍ ሲል ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ካም ሻፍቱም እንደዚያው ነው፤ በ350 ውስጥ ቆሞ ሲሠራ የሚያንቀጠቅጠው ካም በ383 ውስጥ ጨዋ ይሆናል። ስለዚህ የደንበኛዬን ገንዘብ መጀመሪያ ቴስታታ ላይ ነው የማስቀምጠው። በጥሩ ቴስታታ የሚተነፍስ ተራ 350፣ የታፈነ 383ን ሩብ ማይል ላይ ጥሎት ሊሄድ ይችላል።

ኮምፕሬሽንም ሳይጠሩት ይመጣል። ከፒስተኑ በላይ የሚቀረው ቦታ በድምሩ 78 ሲሲ ነው እንበል፤ በ350 ላይ 10.2 ለ1 ገደማ የሚሆነው በ383 ላይ 11 ለ1 ይሆናል። 93 ኦክቴን ቤንዚን የሚቀዳ፣ በበጋ ሙቀት መንገድ ተዘግቶበት የሚቆም መኪና በብረት ቴስታታ ይህን ሳያንኳኳ አይሸከመውም። አሉሚኒየም ሙቀቱን ቶሎ ስለሚወስድ ይሻላል፤ ቢሆንም ፒስተኑ ጎድጎድ ያለ ቢሆን እመርጣለሁ።

ፎርድ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የ5.0 ሙስታንጉ 302 ብሎክ አጭር ነው፣ ከክራንኩ መሃል እስከ ላይኛው ፊቱ 8.2 ኢንች ብቻ። ምቱ ከ3.00 ወደ 3.40 ሲረዝም በ5.4 ኢንች ቢዬላ የፒስተኑ ፒን ወደ ላይ ወጥቶ የዘይት ቀለበቱን ቦይ ይነካል። «347 ዘይት ይጠጣል» የሚለው ስም የወጣለት ከዚህ ነው። በ6,500 ዙር የፒስተኑ አማካይ ፍጥነትም በሰከንድ ከ16.5 ወደ 18.7 ሜትር ያድጋል። በእኔ ግምት ግን ሁለቱም የሚያስፈሩ አይደሉም፤ የዛሬ ፒስተኖች ችግሩን በብዛት አቃለውታል። የሚያስፈራው ብሎኩ ራሱ ነው። የፋብሪካው 302 ወደ 500 የፈረስ ጉልበት ሲጠጋ ከመሃል ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ያኔ ክራንኩም ቢዬላውም አብረው ይሄዳሉ። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ወይ እንደ ዳርት ያለ ጠንካራ ብሎክ ይግዛ፣ ወይ ወደ ረጅሙ 351 ዊንድሰር ተሻግሮ በ4.00 ኢንች ክራንክ 408 ያሠራ።

ከሥራው ሁሉ የምወደው ክራንኩን አስቀምጦ በእጅ ማዞር ነው። ሣጥኑ ላይ ምንም ቢጻፍ፣ 383 ላይ የቢዬላው ቡሎን የብሎኩን የታች ከንፈርና የካም ሻፍቱን ጎን ተጠግቶ ያልፋል። ከካሙ ጋር ቢያንስ 0.050 ኢንች ክፍተት እፈልጋለሁ፤ ስምንቱንም አንድ በአንድ፣ ካሙ በትክክለኛ ጊዜው ታስሮ። የነካውን ቦታ ምልክት አድርጌ ብሎኩን እሞርዳለሁ፣ ግን በጥንቃቄ፤ ከግድግዳው ጀርባ ውሃ አለ። ከዚያ አጥቦ እንደገና ማዞር። አሰልቺ ነው ይሉኛል። እኔ አልሰለቸሁትም።

አሁን ወደ ቁጥሩ፤ ከኪዩቢክ ኢንቹ ይልቅ የምጠይቀው ሰከንዱን ነው። የድራግ ውድድርን የሚመራው ኤንኤችአርኤ ሩብ ማይልን በ11.49 ሰከንድና ከዚያ በታች ለሚጨርስ የቆየ መኪና የብረት መከላከያ ቱቦ ግድ ይላል፤ 9.99 ሲደርስ ሻሲው ራሱ ተመርምሮ ይመሰከርለታል። ሜዳ ላይ ራስ ቁር አለ። መንገድ ላይ ግን ባዶ ራስ ከዚያ ቱቦ ጋር ቢጋጭ ምን እንደሚሆን ማሰብ ነው፣ በተለይ ከኋላ ልጆች የሚቀመጡ ከሆነ። ቅዳሜ ሜሪላንድ ባድስ ክሪክ ሜዳ ላይ ሮጦ፣ እሁድ በዚያው መኪና ቤተሰቡን ቤተ ክርስቲያን ለሚያደርስ ሰው 11.6 የሚጨርስ 383 በአሉሚኒየም ቴስታታ ይበቃዋል። የተረፈውን ገንዘብ ለኮንቨርተሩና ለኋላ ጎማዎቹ ያውለው፤ ያንን ሁሉ ጉልበት አስፋልት ላይ የሚያወርዱት እነሱ ናቸው።